ለአሮጌ ሲልቨራዶ ትልቅ የትራንስሚሽን ኩለር መግጠም፦ ከልኬት እስከ ሙከራ

ከዴንቨር ተነስቶ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ የሚወጣ ሹፌር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 3,400 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ አይዘንሃወር ዋሻ አፍ ላይ ማለት ነው። እኔ ይህን ዳገት ከሰኔ እስከ ነሐሴ በየሳምንቱ መጨረሻ የባለቤቴን የምግብ ተሳቢ እየጎተትኩ እወጣዋለሁ። ተሳቢው ከነዕቃው ሁለት ቶን ይጠጋል። መኪናዬ የ2003 ሸቨርሌ ሲልቨራዶ 1500 ናት። ሞተሯ 5.3 ሊትር፣ ካምቢዮዋ ደግሞ 4ኤል60-ኢ የሚባለው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው።

የመጀመሪያው ትራንስሚሽን (ካምቢዮው) በዚያ ዳገት ላይ ተቃጠለ። ሦስተኛና አራተኛ ማርሽን የሚይዘው ፍሪሲዮን አለቀ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ያደሰልኝ ጋራዥ አሮጌውን ኩለር፣ ማለትም የትራንስሚሽኑን ዘይት ማቀዝቀዣ፣ ሳያጥብ መልሶ ገጠመው። ኩለሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የቀረው የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ወደታደሰው ትራንስሚሽን ገባ፣ ዓመት ሳይሞላም ለሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ። ያንን ሁሉ ወጪ ሊያስቀርልኝ ይችል የነበረው ዕቃ ዋጋው ከአንዱ እድሳት አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ለመግጠም የሚፈጀውም አንድ ቅዳሜ ነው። ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳያልፍ ስለምፈልግ የሠራሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በማኑዋል ካምቢዮ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ከለቀቅን በኋላ ሞተሩና ጎማው በብረት ተያይዘው ይዞራሉ። በአውቶማቲክ ግን መካከል ላይ ቶርክ ኮንቨርተር አለ። በውስጡ አንዱ ጎን ዘይቱን ይገፋል፣ ሌላው ጎን በዘይቱ ይገፋል። ሁለቱ እኩል በማይዞሩበት ጊዜ ሁሉ የባከነው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስንሄድ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ፍሪሲዮን ስለሚይዝ መንሸራተቱ ይቆማል። ዳገት ሲመጣ፣ ጭነት ሲከብድ፣ ወይም በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ስንቆምና ስንነሳ መቆለፊያው ይለቃል። ዘይቱ በፍጥነት የሚግለው ያኔ ነው።

ፋብሪካው ለዚህ ያዘጋጀው ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ነው። ዘይቱ በሁለት የብረት ቱቦዎች እየተመላለሰ፣ በራዲያተሩ ጎን ባለው ታንክ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ኩለር ያልፍና ሙቀቱን ለራዲያተሩ ውሃ ይሰጣል። ዳገት ላይ ግን ውሃው ራሱ ግሏል። ዘይቱ ደግሞ ምንም ቢሆን ከከበበው ውሃ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። በዚያው ሰዓት ከፍርግርጉ ፊት የሚነፍሰው አየር 20 ወይም 25 ዲግሪ ቢሆን ነው። ተጨማሪ ኩለር የምንገጥመው ዘይቱን ከዚህ አየር ጋር በቀጥታ ለማገናኘት ነው።

ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። 3,400 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር 30 በመቶ ያህል ይቀላል፤ የቀለለ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅናሹ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አገር ቤት አውቶማቲክ ሃይሉክስ ወይም ሬንጀር ይዛችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዳችሁ ደግሞ ወደ ደጀን የምትወጡ ሰዎች፣ ሙቀትንም ከፍታንም በአንድ መንገድ ታገኛላችሁ። የእኔ ማብራሪያ በሲልቨራዶ ላይ ቢያተኩርም መሠረቱ ለእናንተም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ አዳዲስ የቶዮታ አውቶማቲኮች የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ የዘይቱ ልክ የሚታወቀው በተወሰነ ሙቀት ላይ ከሥር ባለ ብሎን በሚፈስሰው ነው። ያንን የሚያውቅ መካኒክ ሳታማክሩ ቱቦ አትፍቱ።

መጀመሪያ ልኩ

ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት ዘይታችሁ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ እወቁ። 4ኤል60-ኢ ውስጡ የዘይት ሙቀት መለኪያ ሴንሰር አለው። የጂኤምን (የሸቨርሌ አምራች የጄኔራል ሞተርስን) መረጃ ማንበብ የሚችል የኦቢዲ 2 ማንበቢያ፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ጋር አገናኝታችሁ በስልክ ማየት ትችላላችሁ። ተራ ማንበቢያ የሞተር ሙቀትን ብቻ ስለሚያሳይ የትራንስሚሽን ሙቀት ማሳየቱን ስትገዙ አረጋግጡ። ከሥር ሆኖ በሌዘር ቴርሞሜትር ድስቱን (ከትራንስሚሽኑ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) መለካት ግምት ቢሰጥም፣ ዳገት ላይ ያለውን እውነት አይነግራችሁም።

ሦስት ጊዜ ልኩ፦ ባዶውን ሜዳ ላይ፣ ከተማ ውስጥ በመጨናነቅ ሰዓት፣ ከዚያም ጭነት ይዛችሁ በምታውቁት ዳገት ላይ። የውጩን የአየር ሙቀትም አብራችሁ ጻፉ። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከ105 ካለፈ ኩለር ያስፈልጋችኋል። 120 ከደረሰ ዳር ያዙና ማርሹን ፒ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ሞተሩ ሲዞር ዘይቱም በኩለሩ ውስጥ ይዞራልና። መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ሕግ አለ፤ ከ80 ዲግሪ በላይ በየ11 ዲግሪው ጭማሪ የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላሉ። የእኔ መኪና ከዋሻው በታች ባለው ዳገት 113 ትደርስ ነበር። በዚህ ስሌት ዘይቱ በ80 ዲግሪ ከሚኖረው ዕድሜ አንድ ስምንተኛው ብቻ ነበረው።

ቀጥሎ የመለኪያ ዘንጉን መዝዙና ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው። እንጆሪ በወተት የመሰለ ሮዝ አረፋ ካያችሁ ደግሞ መኪናዋን አትንዱ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩለር ተበስቶ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩት የኒሳን ፍሮንቲር ፒክአፖች በዚህ ችግር በሰፊው ይታወቃሉ። የእነዚህ ባለቤቶች ራዲያተሩን መቀየር፣ ወይም ከናካቴው የራዲያተሩን ኩለር ዘልለው ዘይቱን በውጭ ኩለር ብቻ ማሳለፍ ይኖርባቸዋል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ፦ ኩለር የታመመ ትራንስሚሽን አያድንም። ማርሽ ሲቀየር የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ማንበቢያው ፒ1870 የሚል ኮድ ካወጣ፣ ያ ኮድ በ4ኤል60-ኢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ አካሉ (የዘይቱን ግፊት ወደየክፍሉ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ባለ መበላት ምክንያት የኮንቨርተሩ መቆለፊያ እየተንሸራተተ መሆኑን ይናገራል። መጀመሪያ ያ ይጠገን። ኩለር ብትገጥሙበት ሙቀቱ ትንሽ ይቀንስና በሽታውን ይሸፍንባችኋል፤ እኔ ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም።

ከመግዛታችሁ በፊት ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን የዕቃ ሳጥን ክፈቱና ውስጡ የተለጠፈውን የፋብሪካ ኮዶች ወረቀት አንብቡ። ኬኤንፒ የሚል ካለ መኪናችሁ ከፋብሪካው ተጨማሪ የአየር ኩለር ይዛ ወጥታለች። የምትሠሩት ያንን ትንሽ ኩለር በትልቅ መቀየር ብቻ ስለሚሆን ሥራው በግማሽ ይቀልላችኋል።

ምን ይገዛል?

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው አንድ ረጅም ቱቦ እየታጠፈ በክንፎች መካከል የሚያልፍበት ርካሹ ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋ መተላለፊያዎች ያሉት ነው። ሦስተኛው ስስ ሳህኖች ተደራርበው የተበየዱበት ነው። ለጎታች መኪና እኔ ሦስተኛውን ብቻ ነው የምመክረው። ዘይቱ በአንድ ረጅም መንገድ ሳይሆን በብዙ አጫጭር መንገዶች ጎን ለጎን ስለሚያልፍ ግፊቱ አይታፈንም። በተጨማሪም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር በቀላሉ የሚያልፍበት መንገድ የተሠራለት ዓይነት አለ፤ ዘይቱ እስኪሞቅ አብዛኛው ክፍል በዚያ ያልፋል። ዴንቨር ውስጥ በጥር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ትሩ ኩል፣ ሄይደንና ዲራሌ በዚህ ዘርፍ የታወቁ ስሞች ናቸው።

መጠኑን ስትመርጡ የመኪናውን፣ የተሳቢውንና የጭነቱን ክብደት በሙሉ ደምሩና ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው የክብደት ደረጃ አንድ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ከዚያ በፊት ግን ከኤሲው ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ካለው የኤሲ ጋዝ ማቀዝቀዣ) ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ርዝመት፣ ቁመትና በተለይም ጥልቀት ለኩ። ትልቅ ኩለር ገዝቶ የኮፈኑ መቆለፊያ ላይ ሲገጭበት መልሶ የወሰደ ጓደኛ አለኝ።

ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ) ላይ አትቆጥቡ። ላዩ ላይ ኤስኤኢ ጄ1532 የሚል የታተመበት፣ ለትራንስሚሽን ዘይት የተሠራ፣ ውስጡ 3/8 ኢንች የሆነ ይሁን። የቤንዚን ወይም የሂተር ጎሚኒ በሙቅ ዘይት ይለሰልስና ይፈነዳል። ከኩለሩ ጋር በሚመጣው ፓኬት ውስጥ ያለው ጎሚኒ 5/16 ኢንች ከሆነም ለዚህ መኪና ጠባብ ነው። ጎሚኒውን ቱቦው ላይ የሚያጠብቀው ፋሼታም እንደዚሁ፦ ጠርዙ ለስላሳ የሆነውን የኢንጀክሽን ፋሼታ ግዙ። ቀዳዳ ያለው ተራ ፋሼታ ጎሚኒውን እየቆረጠ ይገባል።

ሌላው የሚያስፈልገው፦ የቱቦ መቁረጫ፣ የቱቦ ጫፍ ላይ ጉብታ ማውጫ መሣሪያ፣ 10 እና 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ፣ የጎማ ዋሸሮች፣ ለራዲያተሩ ማያያዣዎች አዲስ ክሊፖች፣ ሳፋ፣ ጨርቅ፣ 6 ሊትር ዴክስሮን 6 የትራንስሚሽን ዘይት። ጂኤም የዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት ያቆመው በ2006 ነው፤ በ6 ተተክቷል። አሮጌው ዘይት ውስጥ አዲሱን መጨመር ይቻላል።

ሥራው

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ አድርጉ። ከፊት በክሪክ አንስታችሁ የብረት መደገፊያ አስገቡ። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር በምንም ምክንያት አትግቡ። ሞተሩ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይብረድ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁለቱ ቱቦዎች ዘይቱን ወደ ትራንስሚሽኑ የሚመልሰው የቱ ነው የሚለው ነው። ኩለሩን የምንጨምረው በእሱ ላይ ነው፤ ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ ያልፋል፣ የቀረውን ሙቀት አየሩ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ ትራንስሚሽኑ ይመለሳል። ለማወቅ፣ ከራዲያተሩ ጋር ከተገናኙት አንዱን ንቀሉ። የፕላስቲክ ሽፋኑን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ውስጡ ያለውን የሽቦ ክሊፕ በቀጭን ሹል ነገር አውጡ፣ ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱ። ክሊፑ ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ በሌላው እጃችሁ ሸፍኑት፤ ስትመልሱ ግን አዲሱን ተጠቀሙ። የቱቦውን ጫፍና የራዲያተሩን አፍ ለየብቻ በአጭር ጎሚኒ ወደ ሁለት ጠርሙሶች አስገቡ። አንድ ሰው ሞተሩን ለአምስት ሰከንድ አስነስቶ ያጥፋ። ዘይቱ ከራዲያተሩ አፍ ከወጣ የነቀላችሁት መላሹን ነው። ከቱቦው ከወጣ ግን መላሹ ሌላኛው ነው።

እግረ መንገዳችሁን የፍሰቱን መጠን ለኩ። መላሹ በኩል የሚወጣውን ልኬት ያለበት ዕቃ ላይ ተቀበሉና ሞተሩን ለ30 ሰከንድ ብቻ አስነሱ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። ለዚህ ትራንስሚሽን በ30 ሰከንድ ቢያንስ 1.9 ሊትር መውጣት አለበት። ካነሰ መንገዱ አንድ ቦታ ተዘግቷል። አዲስ ኩለር የተዘጋ መንገድ ላይ ቢጨመር ጥቅም የለውም፤ መጀመሪያ ቱቦዎቹ ይታጠቡ። የወጣውን መጠን ጻፉት፤ ያንኑ ያህል ትመልሳላችሁ። ትራንስሚሽኑ ከዚህ በፊት ተበላሽቶ የታደሰ ከሆነ ቱቦዎቹን ለዚሁ በተሠራ ማጠቢያ እጠቡ፣ አሮጌውን የአየር ኩለር ግን ጣሉት። ሳህኖቹ መካከል የገባ ብናኝ በማጠብ አይወጣም። እኔ ሁለተኛውን እድሳት የከፈልኩት በዚህ ነው።

አሁን የፊት ፍርግርጉን አውጡ። ኮንደንሰሩ ፊት ለፊት ይታያችኋል። ኩለሩን ይዛችሁ አየር በብዛት የሚያገኘውን፣ የኮፈኑን መቆለፊያና ጡሩምባውን የማይነካውን ቦታ ፈልጉ። የኩለሩ አፎች ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁኑ። ወደ ታች ከዞሩ አየር ከላይ ታፍኖ ይቀራል። በኩለሩና በኮንደንሰሩ መካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉ።

ከኩለሩ ጋር በክንፎቹ መሐል ተሰክተው የሚጠብቁ የፕላስቲክ ዘንጎች ይመጣሉ። አትጠቀሙባቸው። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር የኮንደንሰሩን ቱቦ እየፈገፈጉ ይበሱታል፣ ከዚያ የኤሲው ጋዝ ያልቃል። በምትኩ ላሜራውን ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ከላይና ከታች ካለው የራዲያተር ድጋፍ ብረት ጋር በብሎንና በዳዶ እሰሩት። ኩለሩን ላሜራው ላይ ስትጠብቁ በጎማ ዋሸር ይሁን። ብረት ስትበሱ የትራፓኖው መርፌ አልፎ ኮንደንሰሩን እንዳይነካ፣ ከመርፌው ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ ቴፕ ጠቅልሉና ከኋላ ወፍራም ካርቶን አስገቡ። ይህን የሥራውን ክፍል አትቸኩሉበት። እኔ ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ላሜራውን ሁለት ጊዜ እንደገና አጥፌዋለሁ።

ቱቦ መቁረጡ ይቀጥላል። መላሹን ቱቦ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ከፋኑና ከቺንጊያው በራቀ ስፍራ፣ በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ። ሴጌቶ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ቱቦው ውስጥ ገብቶ በቀጥታ ወደ ትራንስሚሽኑ ይሄዳል። ከቆረጣችሁ በኋላ የውስጡን ጠርዝ አለስልሱና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።

ከዚያ በሁለቱም ጫፎች ላይ በመሣሪያው ጉብታ አውጡ። ይህንን የዘለሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም በመጀመሪያ ጊዜ ዘልዬው ነበር። ለስላሳ ቱቦ ላይ ጎሚኒ ከትቼ ፋሼታውን አብዝቼ አጠበቅኩት፣ በቃ የሚነቃነቅ አልመሰለኝም። 40 ኪሎ ሜትር ላይ ጎሚኒው ተንሸራትቶ ወጣ። ሦስት ሊትር ዘይት ፈሰሰ፣ ከፊሉ የጭስ ማውጫው ላይ አርፎ ጨሰ። እሳት ሳይነሳ በመቆሜ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮችም ያውሳሉ።

ጎሚኒውን ዘይት ቀብታችሁ ከጉብታው አልፎ 3 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ግፉት። ፋሼታው የሚያርፈው ከጉብታው ጀርባ ነው፤ ጉብታው ላይ አይደለም። ከራዲያተሩ የሚመጣው ጫፍ ወደ ኩለሩ አንድ አፍ፣ የኩለሩ ሌላው አፍ ወደ ትራንስሚሽኑ የሚሄደው ጫፍ ይገናኛሉ። ጎሚኒው የሚታጠፍበት ቦታ ሰፊ ይሁን፤ ከተጨመቀ ፍሰቱ ይታፈናል። ብረት ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ጠርዙ ላይ የጎማ ቀለበት አድርጉ። ከጭስ ማውጫው፣ ከፋኑና ከፑሌዎቹ አርቁና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እሰሩት።

ፍርግርጉን ከመመለሳችሁ በፊት ፋኑንም ተመልከቱ። በሞተሩ የሚዞረው ፋን ያለበት መኪና ከሆነ፣ የፋኑ ክላች ሞቶ በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚዞር ከሆነ፣ ያስገባችሁት ኩለር በዝግታ ስትሄዱ አየር አያገኝም።

ዘይት መሙላትና መሞከር

ኩለሩና ጎሚኒው ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተጨማሪ ዘይት ይይዛሉ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ለሙከራ ያፈሰሳችሁትንና ተጨማሪ ግማሽ ሊትር በመለኪያው ዘንግ ቱቦ በቀጭን ፈነል ጨምሩ። አስነሱ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን በአር፣ በኤን፣ በዲ ላይ ለጥቂት ሰከንድ እያቆያችሁ አሳልፉና ወደ ፒ መልሱት። ሌላ ሰው በእጅ መብራት እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይመልከት። አንድ ጠብታ እንኳ ካለ አጥፉና አስተካክሉ።

ልኩን የምታውቁት ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ዘይቱ ከ82 እስከ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ በቀዝቃዛው ሞልታችሁ እስከ ሙቁ ምልክት ካደረሳችሁት ይበዛል። የበዛ ዘይት የሚሽከረከረውን ክፍል ይነካና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ግፊት አይይዝም፣ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

ዘይቱ ከመጀመሪያው ጠቆር ያለ ከነበረ ድስቱን አውርዳችሁ ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኑን አብራችሁ ለውጡ። በዚያ ወደ 5 ሊትር ገደማ ይወጣል። የድስቱ ብሎኖች የሚጠበቁት በ11 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል። የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አታፍስሱ፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ያለ ክፍያ ይቀበላሉ።

ከዚያ ያንኑ ዳገት ያንኑ ጭነት ይዛችሁ ውጡ። የአየሩ ሙቀት ከመጀመሪያው ልኬት ጋር የተቀራረበ ይሁን፤ አለበለዚያ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። የእኔ መኪና ከ113 ወደ 91 ወረደች። ሜዳ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነበር፤ ያ ትክክል ነው። ልዩነቱ 10 ዲግሪ እንኳ ካልሞላ፣ ከጎሚኒው መጨመቅ፣ ከፋኑ ክላችና ከኮንቨርተሩ መቆለፊያ አንዱን ጠርጥሩ።

በብርድ ወራት ደግሞ ተቃራኒውን ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ዘይቱ 65 ዲግሪ ካልደረሰ ከልክ በላይ እየቀዘቀዘ ነው። ወፍራም ዘይት ማርሽ በዝግታ ይቀይራል፣ ውስጡ የገባ እርጥበትም አይተንም። መፍትሔው 82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት የዘይት ቴርሞስታት መስመሩ ላይ መጨመር ነው። በካርቶን መሸፈን ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ ረስታችሁት ፀደይ ሲመጣ ግን ትራንስሚሽኑን ይጎዳል።

ዳገት ላይ የማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን የመጎተቻ ቁልፍ ተጫኑ፤ በአራተኛና በሦስተኛ መካከል የሚመላለስ ከሆነም ራሳችሁ ሦስተኛ ላይ አድርጉት። በሦስተኛ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ረጋ ብሎ መውጣት መቆለፊያው እንዲይዝ ይረዳል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ቢቸኩልም ቀኝ መስመራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም በ1,000 ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ፋሼታዎቹን በካቻቢቴ ፈትሹ። ጎሚኒ ሲሞቅና ሲበርድ ይቀመጣል፤ የእኔዎቹ በሁለተኛው ፍተሻ ሩብ ዙር ያህል ተጨማሪ ጠብቀዋል።